የጋሽ ሸምሱ ቃለ ጉባኤ

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ሠርግ የምለብሰውን ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ዝናብ ያዘኝ። አራት ሱቅ ገብቼ አራቱንም ወይ ጥለቱ ተንጋዶብኝ ወይ ቀለሙ አልጥም ብሎኝ ትቼ ወጥቻለሁ። አንደኛው ባለሱቅ፣ «እማማ፣ ሊለብሱት ነው ወይስ ሊያነቡት?» ብሎ ሳቀብኝ። አልተቀየምኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው፣ ዓይኑ ሳይታዘዝ ስህተት ፍለጋ ይሄዳል፤ ጋዜጣም ይሁን ነጠላ። የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ አይመጣም። ወደ ድሮ ሰፈራችን ቁልቁል ስወርድ ድንገት ወረደብኝና አንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠጋሁ። የስልክ ካርድ፣ ብስኩት፣ የሕፃን ዳይፐርና የታሸገ ውሃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ጫማዬን ላራግፍ ጎንበስ ስል ሸተተኝ። ላምባ። ላምባና የልብስ ሳሙና፣ ትንሽ ደግሞ የረጠበ ጣውላ። ቀና ብዬ ባንኮኒውን አየሁት። በፕላስቲክ ሸፍነውታል እንጂ ያው ነው፤ በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ የተፈለጠው እንኳን እንደተፈለጠ ነው። እዚያ ባንኮኒ ላይ ክርኔን አስደግፌ ስንት ገጽ ጽፌአለሁ።

«ላምባ መሸጥ ካቆምን ስንት ዓመታችን፤ ሽታው ግን አላቆመም» አለችኝ ከውስጥ ያለችው ሴት፣ አፍንጫዬን ስታየው ገብቷት። «ዝናብ ሲነካው ጣውላው ይተፋዋል። ስንቴ አሳጠብኩት መሰለዎት።» ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ። «እ... እርስዎ የፈታይዋ ልጅ አይደሉም? ጸሐፊዋ?» ሙና ናት፤ የጋሽ ሸምሱ ልጅ። እኔ የማውቃት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። በርጩማ አወጣችልኝ። ከጀርባዋ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ከረባቱ ያማረ ሰው ስለ አገር ይናገራል። ቋንቋውን ልነቅፈው አልችልም፤ ዓረፍተ ነገሩ የተሟላ፣ ግሡ በቦታው፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር የተመረጠ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ በሙሉ ልቤ ሰማሁት። ሙና ለአንድ ደንበኛ ስኳር መዝና ስትመለስ፣ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሰብኩ። እንደገና አሰብኩ። «እንጃ» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። «አባቴ ቢሆን ሦስት ቃል ተናግሮ ቁጭ ይል ነበር።»

እሷ ሌላ ደንበኛ ልታስተናግድ ዞር አለች፤ እኔ እዚያው በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ዓመተ ምሕረቱን ሆን ብዬ እተወዋለሁ። ዘመኑን የኖረበት ያውቀዋል፤ ያልኖረበትም ከዋጋው ይደርስበታል። ዳቦ አሥር ሳንቲም የነበረ ጊዜ ነው። ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ የሚያወርደን «ውይይት» ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ አይ፣ ስሙኒ የሆነው በኋላ ነው፣ መጀመሪያ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ውይይት ያልነው፣ ከኋላው በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት እየተነካካን ስለምንሄድ ነው፤ አገሩም ሁሉ ያን ጊዜ ውይይት ላይ ነበር። ሴቱም ወንዱም ካኪ ይለብሳል። ካኪ ያልለበሰው ጎረምሳ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጫፉ አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ታጥቆ ይንጎራደዳል። እኔ ሁለት ቀሚስ ነበረኝ፤ ሰማያዊው ቴትሮን ለእሑድ ስብሰባ፣ ሌላው ለሌላው ቀን ሁሉ። ጠዋት ጠዋት ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር ሲለቀቅ፣ ከላይ ከሸማኔዎቹ ቤት ደግሞ የመወርወሪያው ቀጭ ቀጭ፣ አንዱ ጀምሮ ሌላው ከጎረቤት እየተቀበለ የሚያዜሙት የአገራቸው ዜማ ይመጣል። ሁለቱ መሐል መንገድ ላይ ይጋጫሉ። እኛ ደጅ ላይ ቆሞ ለሰማው፣ የሸማኔዎቹ ያሸንፍ ነበር።

እናቴ ለሸማኔዎቹ ድር ትፈትል ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጥጥ አባዝቼላታለሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደተራበ ሰው ነው፤ የሚቀርብለትን አይመርጥም። የግድግዳ መፈክር አነበብኩ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ አነበብኩ፣ ጋሽ ሸምሱ ስኳርና ጨው የሚጠቀልሉበትን አሮጌ ጋዜጣ እየዘረጋሁ አነበብኩ። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሰው ለመጥራት እንኳን ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። አንድ ቀን ጋዜጣ የተጠቀለለበትን ጨው ሱቁ በር ላይ ፈትቼ፣ ታሪኩ «ወደ ገጽ ስድስት ዞሯል» ብሎ ሲቋረጥብኝ ስናደድ አዩኝ። በሳምንቱ ስኳር ልገዛ ስሄድ ከባንኮኒው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና፣ «ገጽ ስድስት ይሄ ይሆን?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣ ሲገዙ ገጾቹን አስተካክለው ለኔ ያስቀምጡልኝና ከጨረስኩ በኋላ ነበር የሚጠቀልሉበት። «ሰፈሩ ሁሉ ያነበብሽውን ነው የሚበላው» ይሉኝ ነበር።

የቀበሌያችን የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ጓድ ዓለሙ ነበር። ወጣት፣ ቁመናው የተስተካከለ፣ ድምፁ ደግሞ እንዲህ ነው ብዬ ልገልጸው አልችልም። ሲናገር አዳራሹ ሰፍቶ ይታየኛል። ያ ለመፈክር ብቻ የሚመስለኝ ቋንቋ በሱ አፍ ሲወጣ ሰው ሰው ይሸት ነበር። ወደድኩት ብል ዛሬ አላፍርም፤ ነገር ግን የወደድኩት ቃላቱን ነው። ባለሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝቼ እሑድ እሑድ የሚናገረውን፣ የሚያምረውን ብቻ፣ እየለቀምኩ እጽፍ ጀመር። ስብሰባ የቀረ ሰው የቀበሌ ሱቅ ኩፖኑ ስለሚያዝበት ሁላችንም እንሄዳለን፤ ሴቶቹ ጊዜው እንዳይባክንባቸው እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና በግራ በኩል ተደርድረው እየፈተሉ ይሰማሉ። ዓለሙ ሲናገር አዳራሹ ያጨበጭባል፤ የእናቴ እንዝርት ግን ይሽከረከራል። አንድ እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «እንደዚያ እያማረ ሲናገር ምነው አላጨበጨብሽ?» ብዬ ወቀስኳት። «እጄ ተይዞ» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ለፈትል የሚመች ንግግር ነው፤ ሐሳብ አይሰርቅም» አለች።

ዓለሙ ከሁሉ በላይ አሳምሮ የተናገረው ስለ ውሃ ነው። የላይኛው ሰፈር ውሃ አልነበረንም። የሕዝብ ቧንቧ፣ ቦኖ የምንለው፣ ከኛ ወዲያ ታች አስፋልቱ ዳር ነበርና እናቴ በወገቧ እንስራ አዝላ ያንን ዳገት በቀን ሁለቴ ትወጣዋለች፤ እኔም ጀሪካን ይዤ ከኋላዋ። ስንወጣ ሦስት ቦታ እናርፋለን። ሦስተኛው ማረፊያችን አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ትንፋሿን እቆጥር ነበር፣ እስኪመለስላት። ዓለሙ አንድ እሑድ ተነስቶ፣ «ለዘመናት የተጫነብንን የውሃ ጥም በተባበረ ክንዳችን ድል እንነሳዋለን፤ ቦኖ በራፋችሁ ላይ ይቆማል!» አለ። እናቶች እልል አሉ። በደብተሬ አሳምሬ ጻፍኩት፣ ሥሩንም አሰመርኩበት። ቦኖው ሳይመጣ ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት። ዓለሙ ግን ንግግሩ ታውቆለት፣ ብዙ ቀበሌ ወደሚያዝዘው ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛ ወደምንለው፣ ተሾሞ ሄደ።

በሱ ፋንታ ሰው ምረጡ ስንባል የሴቶቹ ወገን ጋሽ ሸምሱን ጠቆመ። እሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን አወናጨፉ፤ ማን ሰምቷቸው። ተመረጡ። ንግግር አድርጉ ተባሉ። መድረኩ ላይ ወጥተው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ፤ ዝም ያሉበት ጊዜ ስለረዘመ ሰው መሳቅ ጀመረ። «እኔ መናገር አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ሱቄን ታውቁታላችሁ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። እዚያ መጥታችሁ ንገሩኝ።» አንድ ሰው ከመሐል ተነስቶ፣ «የውሃውስ ነገር?» አላቸው። «የውሃውን አላውቅም» አሉ። «ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ። እሑድ የነገሩኝን እነግራችኋለሁ።» እኔ አፈርኩላቸው። ሊቀ መንበር ሆኖ አላውቅም ይባላል? ወደ ሴቶቹ ብዞር የእናቴ እንዝርት ጭኗ ላይ ተጋድሟል። እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ግራው ወገን በሙሉ መፍተሉን ትቶ ነበር።

ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር ጸሐፊ ተደረግሁ። ሥራዬ ስብሰባው ላይ የተባለውን መያዝ፣ በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ ባንኮኒው ላይ በንጹሕ መገልበጥ፣ እሳቸው ሲፈርሙበት ማኅተም አድርጌ ለከፍተኛው መላክ ነው። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ልገለብጥ ስቀመጥ የያዝኩት ማስታወሻ አሳዘነኝ። «ሄድኩ። ቆፍሩ፣ ቧንቧ እንሰጣለን አሉ። ይስጡን አይስጡን አላውቅም። ካልቆፈርን እንደማይሰጡን ግን አውቃለሁ።» ይህ የሊቀ መንበር ንግግር ነው? ከፍተኛው ቤት ተቀምጦ ዓለሙ ሲያነበው ታየኝ። እናም ደብተሬን አወጣሁ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም የሳቸውን ክብር የጠበቅሁ፣ ገጽ ስድስትን የመለስኩላቸው መስሎኝ ነበር። በየሳምንቱ የሳቸውን አጭር ቃል በዓለሙ ጥለት እየጠለፍኩ ላክሁ።

ሰዉ ግን የሳቸውን ቃል ሰምቶ ቆፈረ። «አላውቅም» ያለ ሰው «አውቃለሁ» ሲል ይታመናል፤ ይሄ ያን ጊዜ አልገባኝም። ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ ጴንጤዎቹ ከጸሎት መልስ፣ እስላሙ ከጁምዓ በኋላ ዶማ ይዞ ይወጣል። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ሱቁን ለባለቤታቸው ትተው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። አያልቅም የተባለው ዳገት ከአስፋልቱ እስከኛ ደጅ ድረስ ተቆፍሮ አለቀ። ያን እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው የተናገሩትን ዛሬም ቃል በቃል እደግመዋለሁ፦ «ጉድጓዱ አለቀ። ቧንቧ የለም። ዝናብ ከመጣ ይደፈናል። ቶሎ ላኩልን ብለሽ ጻፊ።»

እኔ ምን ጻፍኩ? «የቀበሌያችን ሰፊ ሕዝብ ለዘመናት የተጫነበትን የውሃ ጥም በተባበረ ክንዱ ድል በመንሳት ታላቁን ሥራ በአኩሪ ሁኔታ አጠናቋል።» «ቧንቧ የለም» የሚለው ከዚህ በኋላ ሲገባ እንደ ለማኝ ቃል ሆነብኝ። ሰረዝኩት። በምትኩ «ቀሪ ጉዳዮችም በሂደት እንደሚሟሉ ሕዝቡ ጽኑ እምነቱን ገልጿል» አልኩ። ደግሜ ሳነበው በራሴ ተደሰትኩ፤ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። ጋሽ ሸምሱ ላምባ በፈኔል እየቀዱ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ብዕሩን ተቀበሉኝ።

«ያልኩት አለበት?» አሉኝ።

«ካሉት በላይ አለበት፣ ጋሽ ሸምሱ።»

«ካልኩት በላይ ምን ያደርግልሻል?» ብለው ሳቁ። ደንበኛው ጠርሙሱን ይዞ ስለቆመ ሳያነቡ ፈረሙ። ጣታቸው ላይ የቀረው ላምባ ፊርማው ጎን ወረቀቱን አወዛው። ማኅተሙን እኔ መታሁበት።

ቧንቧው አልመጣም። ጋሽ ሸምሱ ከፍተኛው ቢሮ ሄደው ሲጠይቁ፣ የናንተ ሥራ ተጠናቋል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ለናንተ የታሰበው ቧንቧ ላልደረሰው ቀበሌ ተሰጥቷል ተባሉ። ክረምቱ ገባ። ያ ሁሉ ሰው የቆፈረው ጉድጓድ በሦስት ሌሊት ዝናብ ግድግዳው እየተናደ ጭቃ ሞላ። እናቴ እንስራዋን አዝላ በጉድጓዱ ላይ በተጋደመ ሳንቃ እየተንገዳገደች ስትሻገር ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ፤ የሰረዝኩትን መስመር ለማንም አልነገርኩም።

ሳምንት አልቆየም፣ ዓለሙ በመንግሥት መኪና መጣ። አዳራሹ ሞላ። እኔ እንደ ወትሮው ከመድረኩ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ኋላ ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሕዝብ በሐሰት ሪፖርት ተታሏል፣ ይህ ተራ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር መጣራት አለበት አለ። አሻጥር የሚባለው ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም፤ በሱ የተጠራ ሰው ይወሰዳል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። እውነቱን ልናገር፤ እንደዚያ ፈርቼ እንኳን፣ የጻፍኩት በዚያ ድምፅ ሲነበብ ደስ አለኝ። የሰው ልብ እንዲህ ያለ ነገር ነው። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ፊርማውን አሳየ።

«ይህን የፈረመው ማነው?»

ጋሽ ሸምሱ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደኔ አላዩም። ሆን ብለው እንዳላዩ ከትከሻቸው አወቅሁት።

«እኔ ነኝ። አላነበብኩትም። ፈረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ነበርና ጻፍኩት። ያሉትን እንዳለ። አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ የሳቸውን ንግግር ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን እውነት አልነበረም። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም። አልጋ የያዙ እናት አገር ቤት አሏቸው፣ ባንኮኒው ሥር የምትጫወት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አለቻቸው። ዓለሙ ወደ በሩ፣ ወደ ሁለቱ ጠብመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ሲዞር አየሁት። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስሜን ስጠራ እንኳን የምንተባተብ ሴት ነኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ወንበሬ ሲንቋቋ አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ።

«ጓድ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን ነሽ?»

«ጸሐፊዋ። ጋሽ ሸምሱ እንደዚህ አላሉም። ቧንቧ የለም፣ ዝናብ ከመጣ ይደፈናል፣ ቶሎ ላኩልን ነው ያሉት። እሱን አውጥቼ ይሄን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አዞሽ?»

«ማንም።»

«ለምን ዓላማ?»

ብዙ መልስ ማዘጋጀት ይቻል ነበር። በደብተሬ ውስጥ ለግለ ሂስ የሚሆኑ ስንት ያማሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። አንዱም አልመጣልኝም።

«አምሮኝ ነው» አልኩት።

«አምሮኝ ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

«የእርስዎን ንግግር በደብተር እጽፍ ነበር፤ የሚያምረውን። አሁን ያነበቡትም ከዚያ የወሰድኩት ነው። ለዘመናት የተጫነብን የውሃ ጥም ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ቦኖ በራፋችሁ ላይ ይቆማል ያሉ ዕለት።»

ላሾፍበት አልነበረም፤ አምላክ ያውቃል። እውነቱን መናገር ከጀመርኩ ማቆሚያው ስለጠፋኝ ነው። የእንዝርት ድምፅ እንኳን አልነበረም። ከዚያ ከግራ ወገን አንዲት ሴት፣ «እኔስ የት የሰማሁት ነው ስል!» ብላ ጉልበቷን መታች። ሳቁ ከዚያ ተነሳ፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ። የጥበቃዎቹ አንደኛው እንኳን ጠብመንጃውን ደግፎ አፉን በክንዱ ሸፈነ። ዓለሙ ወረቀቱን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው፣ በዚያች ቅጽበት የራሱን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ይመስለኛል። ማኅደሩን ዘጋና፣ «ጉዳዩ ይጣራል» ብሎ ተቀመጠ። ያ ከአንደበቱ የሰማሁት አጭሩ ንግግር ነው።

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ሸምሱ ኮፍያቸውን አጠለቁ። አሁን ዓይን ለዓይን አዩኝ።

«ይሄንንም እንዳለ ጻፊው» አሉኝ።

ጻፍኩት። አምሮኝ ነው ያልኩትን ሳይቀር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እናቴ አንድ ጋቢ አጥፋ በሩ ሥር አስቀመጠች፤ ሊወስዱኝ ቢመጡ ብርድ እንዳይመታኝ። ማንም አልመጣም። ለምን እንዳልመጡ ዛሬም አላውቅም። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ከጸሐፊነት ያወርዱኛል ብዬ ስጠብቅ በማግስቱ ሱቃቸው አስጠሩኝ። ባንኮኒው ላይ ወረቀት ዘርግተው ነበር። «ጻፊ» አሉኝ። «ቧንቧ የለም። ጉድጓዱ ተደፍኗል። መስከረም እንደገና እንቆፍራለን። ላኩልን።» ጻፍኩ። ከ«ላኩልን» በኋላ ብዕሬ ወደፊት ልትሄድ ፈለገች፤ ያዝኳት። ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቃል በቃል አነበቡት። ለአራት መስመር ያ ሁሉ ጊዜ ሲፈጅባቸው ሳይ፣ የኔን አንድ ሙሉ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው እንደነበረ ገባኝ። አምነውኝ ነው እንጂ ቸኩለው አልነበረም የፈረሙት። እዚያው ባንኮኒው ላይ አለቀስኩ። እሳቸው ዞር ብለው ሳሙና መደርደር ጀመሩ። «ጨው የሚጠቀለልበትን ወረቀት አታርጥቢብኝ» አሉኝ።

ዘመኑ አይናፍቀኝም። ሰልፉም፣ ኩፖኑም፣ በሩ ሥር የታጠፈችውም ጋቢ አትናፍቀኝም። የሚናፍቀኝ ጉቶው ላይ ቁጭ ስትል የምትተነፍሰው እናቴ ናት፤ የሸማኔዎቹ ዜማ ነው፤ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «አላውቅም» ሲል የሚቆመው የእንዝርት ድምፅ ነው። በኋላ ብዙ የሚናገር ሰው ሰምቻለሁ፤ ሥራዬም ሆኖ የብዙ ትልልቅ ሰዎችን ንግግር ከመታተሙ በፊት አርሜአለሁ። ነጠላ ሰረዛቸውን አስተካክያለሁ። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ግን ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የሚያቆም እንዝርት ካለ ብዬ።

ዝናቡ አባራ። ሙና ገንዘቧን መሳቢያ ውስጥ ከታ መጣች። በሩ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። እንደገና ቆፍረን ያስገባነው ቦኖ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የሞተር ጥገና አለ፤ ሰዉ በየግቢው ቧንቧ አስገብቷል፣ ውሃው ግን በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ሲሻው አንዴ። ለዚህ ነው ሙና የታሸገ ውሃ የምትደረድረው።

«ቦኖው የተከፈተ ዕለት እኔም ነበርኩ፤ የእናቴን እጅ ይዤ» አለችኝ። «የተባለውን ግን አላስታውስም። የመጣው ባለሥልጣን ብዙ ተናግሮ ፀሐዩ ሰውን አቃጥሎ ነበር ሲሉ ነው የምሰማው።»

«ጓድ ዓለሙ ነው። አርባ ደቂቃ ተናገረ። እንስራው ሁሉ ተሰልፎ እያየው።»

«አባቴም ተናግሯል?»

«ተናግረዋል። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

አላሰብኩም። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ጽሑፉ ዓይኔ ፊት ነው፤ በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ከዓለሙ ሦስት ገጽ በኋላ በአንድ መስመር የቆመው፣ አንድም ፊደል ያላረምኩት።

«‹ውሃው መጣ። ቅዱ› አሉ።»

ሙና ቀሪውን ጠበቀች። «ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያማ» አልኳት፣ «ቀዳን።»